የሲኖሎጂ የቤት ሰርቨርን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ባካፕ ማድረግ

ባለ ሁለት ዲስክ ሰርቨር (የቤተሰቡን ፋይል በኔትወርክ የሚያስቀምጥ ሳጥን) ቤቱ ያስቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው አለ» ብሎ ይረጋጋል። ዲስኮቹ በሬይድ 1 ወይም ሲኖሎጂ ኤስኤችአር በሚለው፣ አንዱን ፋይል ሁለቱም ላይ በሚጽፍ አሠራር ተጣምረው ስለሚሠሩ እውነትም አንዱ ቢበላሽ ሰርቨሩ ሥራውን ይቀጥላል። ጥበቃው ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ልጅ በስህተት የሰረዘው ፎልደር ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ላፕቶፕ ላይ የገባ ቫይረስ በኔትወርክ ዞሮ ፋይሉን ቢቆልፈው ሁለቱም ላይ ይቆለፋል። ከፍ ብሎ የመጣ ኮረንቲ ሳጥኑን ሲመታ ሁለቱን አብሮ ይመታል፤ ሌባም ሳጥኑን ሲወስድ አንዱን ዲስክ አይተውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲኖሎከር የተባለው ቫይረስ ያረጀ ሲስተም የነበራቸውን የሲኖሎጂ ሰርቨሮች በኢንተርኔት ሰብሮ እየገባ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ ነበር። ተነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ዲስክ ላይ ግን የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ዲኤስኤም 7 (የሰርቨሩን ማስኬጃ ሲስተም) ለጫነ የሲኖሎጂ ሰርቨርና «ሃይፐር ባካፕ» ለሚባለው ነጻ ፕሮግራሙ የተዘጋጀ ነው። እንደ ስሪቱ የአንዳንድ ቁልፍ ቦታ ትንሽ ሊለያይ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዙ፦ ዲስክ ሲመርጡ፣ ፎርማት ሲያደርጉ፣ የይለፍ ቃል ሲያወጡ ሁልጊዜ የሚያስቡት ባካፑን ስለሚሠሩበት ቀን ሳይሆን ፋይሉን ስለሚመልሱበት ቀን ይሁን። በዚያ ቀን ሰርቨሩ የለም፤ በእጅዎ ያለው ይህ ዲስክና ምናልባት ከሰው የተዋሱት ላፕቶፕ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባካፕ ባለማድረግ ብቻ አይደለም፤ ያደረገውን ባካፕ በዚያ ቀን መክፈት ባለመቻሉም ነው።

ዲስኩን መግዛት

መጠኑ አሁን ሰርቨሩ ላይ ካለው ፋይል ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን። 1.8 ቴራባይት ፋይል ካለዎት 4 ቴራ ይግዙ። ትርፉ ቦታ የሚያስፈልገው የቆዩ ስሪቶችን ለማስቀመጥና ለሚመጣው ዓመት ፎቶ ነው። 4 ቴራ ተብሎ የተሸጠው ዲስክ ሰርቨሩ ላይ 3.6 ተብሎ ቢታይ አልተታለሉም፤ አምራቹና ኮምፒውተሩ የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው።

በኪስ የሚያዘው ትንሹ ዲስክ (2.5 ኢንች) ኮረንቲውን ከዩኤስቢው ራሱ ይወስዳል። ትልቁ (3.5 ኢንች) የራሱ የ12 ቮልት አዳፕተር አለው። ለቤት ትንሹ ይበቃል፤ ለመደበቅም ወደ ዘመድ ቤት ለመውሰድም ይመቻል። በቀጥታ የሰርቨሩ ዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ አብሮት በመጣው አጭር ገመድ ይሰኩት። አንዱን ቀዳዳ ለብዙ መሣሪያ የሚያከፋፍለውን ማከፋፈያ አይጠቀሙ። ዩኤስቢ 3 በደንቡ 900 ሚሊ አምፔር ይሰጣል፤ ማከፋፈያ ግን ያንኑ ለሌሎች ስለሚያካፍል ዲስኩ ኮረንቲ አንሶት «ቀጭ ቀጭ» እያለ ይነሣና ይወድቃል። ይህን ድምፅ ከሰሙ ዲስኩን ከመጠርጠርዎ በፊት ገመዱንና ቀዳዳውን ይቀይሩ።

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) ፈጣን ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አንመክረውም። ወራትና ዓመታት ሳይሰካ መሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር የተለመደው ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ኤስኤስዲ ያለ ኤሌክትሪክ ብዙ ሲቆይ የያዘውን የመልቀቅ ባሕርይ አለው። ዋጋውም በቴራባይት ሲሰላ ውድ ነው።

«16 ቴራ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ከጥፍር የማይበልጥ ዲስክ ካጋጠመዎት አይግዙ። እንዲህ ያሉት ውስጣቸው አነስተኛ ሚሞሪ ካርድ ይዘው ለኮምፒውተሩ የሐሰት መጠን የሚነግሩ ናቸው። ፋይሉን ሲጽፉበት «ተቀብያለሁ» ይላሉ፤ ሞልቶ ካለፈ በኋላ ያለው ሁሉ ግን የትም አልተጻፈም።

መፈተሽና ፎርማት ማድረግ

አዲስ ዲስክ አዲስ ስለሆነ ብቻ አይታመንም። መጀመሪያ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ሰክተው «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስጽፉትና መልሶ ያስነብቡት። ሊኑክስ ወይም ማክ ካለዎት «ኤፍ 3» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። 4 ቴራ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሠራ መጻፉ 11 ሰዓት፣ ማንበቡ ሌላ 11 ሰዓት ይወስዳል፤ ስለዚህ ቀንና ሌሊቱን ይተዉት። ከዚያ የዲስክ ጤንነት የሚያሳየውን «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ»ን ከፍተው የተበላሹ ወይም የሚያጠራጥሩ የዲስክ ክፍሎችን የሚቆጥሩ ሦስት መስመሮችን ይዩ፦ «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ»፣ «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» እና «አንኮሬክተብል ሴክተር»። አዲስ ዲስክ ላይ ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። አንዱ እንኳ ዜሮ ካልሆነ ዲስኩን ለሻጩ ይመልሱ።

ፈተናውን ካለፈ ወደ ሰርቨሩ ይውሰዱት። በድረ ገጹ በኩል ሰርቨሩን ከፍተው «ኮንትሮል ፓነል»፣ ቀጥሎ «ኤክስተርናል ዲቫይስስ» ውስጥ ይግቡ፤ ዲስኩን መርጠው «ፎርማት» የሚለውን ይጫኑ። ሙሉ ዲስኩ ፎርማት እንዲደረግ ይምረጡ። በፊት የነበረበት ነገር ሁሉ ይጠፋል።

ጥያቄው በየትኛው ዓይነት ፎርማት ነው የሚለው ነው። ፋት 32 ይቅር፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ኤክስ ፋት ዊንዶውስም ማክም ላይ ስለሚከፈት ያጓጓል፤ ነገር ግን የሚጽፈውን አስቀድሞ በማስታወሻ የሚይዝበት ሥርዓት የለውም። በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ድንገት ቢጠፋ የፋይሎቹ ማውጫ ሊዛባ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለዋናው ባካፕ ኢኤክስቲ 4ን ይምረጡ። ማስታወሻ ይይዛል፤ ኮረንቲ ተቋርጦ ሲመለስ ከነበረበት ራሱን ያስተካክላል።

ኢኤክስቲ 4 አንድ አደጋ አለው። ዲስኩን ዊንዶውስ ላይ ሲሰኩት ዊንዶውስ አያውቀውም፤ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎት» የሚል ሳጥን ያወጣል። በጭንቀት ቀን፣ ሰርቨሩ ሞቶ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ «እሺ» ብሎ የመጨረሻውን ቅጂ ማጥፋት በጣም ቀላል ነው። ስለዚህ ዲስኩ ጀርባ ላይ ወረቀት ለጥፈው በእስክሪብቶ ይጻፉበት፦ «የሰርቨር ባካፕ። ኢኤክስቲ 4። ዊንዶውስ ፎርማት ላድርግ ቢል እምቢ በሉ።» ይህን ወረቀት የሚያነበው ምናልባት እርስዎ ሳይሆኑ ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

ምን ምን ይግባ

ፊልምና ከኢንተርኔት የወረደ ነገር ተመልሶ ስለሚገኝ ቦታ ከጠበበ ይቅር። ፎቶ፣ የቤተሰብ ቪዲዮ፣ ሰነድ፣ የተቃኘ የልደትና የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ፋይል ግን አንድም ሳይቀር ይግባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ፎልደር አለ። በ«ሲኖሎጂ ፎቶስ» አማካይነት ከስልክ የሚላከው ፎቶ የግል ክፍል ውስጥ ከሆነ የሚቀመጠው «ፎቶ» በሚለው የጋራ ፎልደር አይደለም። «ሆምስ» በሚለው ሥር በእያንዳንዱ ሰው ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ነው። «ፎቶ» የሚለውን ብቻ መርጦ የሄደ ሰው የስልኩ ፎቶ በሙሉ ባካፕ አልተደረገለትም። «ሆምስ»ን ይምረጡ። የተመሰጠረ (በይለፍ ቃል የተቆለፈ) የጋራ ፎልደር ካለዎትም ባካፑ ሲጀምር ተከፍቶ መገኘት አለበት፤ ተዘግቶ ከሆነ ይዘለላል።

ሌላው በአማርኛ ስም ለሚያስቀምጡ ሰዎች ነው። ሰርቨሩ የአንድን ፋይል ስም የሚለካው በፊደል ብዛት ሳይሆን በባይት ነው፤ ልኩም 255 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ የሚቻለው 85 ፊደል ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታና መጨረሻ ላይ ያለው የፋይል ዓይነት ምልክትም ከዚያው ይቀነሳል። የተመሰጠረ የጋራ ፎልደር ውስጥ ሲሆን ልኩ ወደ 143 ባይት ይወርዳል፤ 47 የአማርኛ ፊደል ማለት ነው። ዊንዶውስ ግን በሌላ መንገድ ስለሚቆጥር እስከ 255 ፊደል ይቀበላል። ውጤቱ ምን ይሆናል? «የአባባ የሰባተኛ ዓመት መታሰቢያ ዝግጅት ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣነው ፎቶ ከነዘመዶቻችን» የሚለው ስም ላፕቶፑ ላይ ያለ ችግር ይኖራል፤ ወደተመሰጠረው ፎልደር ሲገለበጥ ግን እንቢ ይላል። ብዙ ፋይል አብሮ ሲገለበጥ የዚያ የአንዱ መቅረት አይታወቅም። ሰርቨሩ ውስጥ ያልገባ ፋይል ደግሞ ባካፑ ውስጥም አይገኝም። ከላፕቶፕ ወደ ሰርቨር ትልቅ ፎልደር ሲያዛውሩ የሁለቱን የፋይል ብዛት ያስተያዩ፤ ካልተካከለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስም ርዝመት ነው።

ሥራውን ማዘጋጀት

«ፓኬጅ ሴንተር» ውስጥ ገብተው «ሃይፐር ባካፕ»ን ይጫኑ። ከዚያ ከፍተው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. የመደመር ምልክቱን ተጭነው አዲስ የባካፕ ሥራ ይፍጠሩ። ፎልደርና ፓኬጅ ወይስ ሙሉ ሲስተም ብሎ ከጠየቀዎት ፎልደርና ፓኬጅ የሚለውን ይምረጡ።

2. መድረሻው «ሎካል ፎልደር ኤንድ ዩኤስቢ» ነው።

3. የስሪቱን ዓይነት ሲጠይቅ ባለብዙ ስሪቱን ይምረጡ። ባለአንድ ስሪት የሆነው ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ይይዛል፤ ፋይሉ ትናንት ተበላሽቶ ባካፑ ዛሬ ቢሠራ፣ ቅጂውም የተበላሸው ይሆናል። ባለብዙ ስሪቱ ግን ያለፈው ሳምንትና ያለፈው ወር ምን እንደነበር ያስታውሳል። ያልተለወጠውን የፋይል ክፍል ደግሞ ስለማይጽፍ ቦታ አያባክንም።

4. ዲስኩ በአብዛኛው «ዩኤስቢሼር 1» ተብሎ ይታያል። የፎልደሩን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አጭር አድርገው ይስጡት፤ ዲስኩ ላይ በለጠፉት ወረቀትም ይህንኑ ይጻፉ።

5. የሚገቡትን ፎልደሮች ይምረጡ። ለመጀመሪያው ዙር ሁሉንም አይምረጡ፤ በጣም አስፈላጊ የሆነውን አንዱን ብቻ። ምክንያቱን ከታች እናያለን።

6. ቅንብሩ ላይ ሲደርሱ ማሳወቂያው ይብራ። ማሳወቂያው እንዲደርስዎ «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ኖቲፊኬሽን» ላይ ኢሜይልዎን አስገብተው የሙከራ መልእክት ይላኩ። ሥራው በተሳካ ሁኔታ ሲያልቅ ውጫዊውን ዲስክ አስወጣ የሚለውም ይመረጥ። ኮምፕረሽኑን (ፋይሉን አምቆ ማሳነሱን) እንደ ፈቀዱ ያድርጉት፤ ፎቶና ቪዲዮ ከመነሻው የታመቁ ስለሆኑ ብዙ ቦታ አያተርፍም።

7. ምስጠራውን ያስቡበት። ዲስኩ ከቤት ወጥቶ ሰው ቤት የሚቀመጥ ከሆነ ይመስጠር። ቤትዎ ውስጥ ተቆልፎበት የሚቀመጥ ከሆነ ግን ከሌባ ይልቅ የይለፍ ቃሉ መረሳት የበለጠ ያሰጋል፤ ባይመሰጠር ይሻላል እንላለን። ሥራው አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ሐሳብ መቀየር አይቻልም። ከመሰጠሩ የይለፍ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ያድርጉት፤ የተዋሱት ላፕቶፕ የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖረው ይችላል። ሲስተሙ በራሱ የሚያወርደውን የቁልፍ ፋይል ፍላሽ ላይ፣ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ አድርገው ከፓስፖርትና ከቤት ካርታ ጋር ያስቀምጡ። ሁለቱም ከጠፉ አምራቹ ድርጅት እንኳ ሊከፍትልዎ አይችልም። ሁለቱንም ሰርቨሩ ላይ ብቻ ማስቀመጥ ቁልፍን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ከውጭ እንደመቆለፍ ነው።

8. የስሪት ማዞሪያውን ያብሩና «ስማርት ሪሳይክል» የሚለውን ይምረጡ። የቅርብ ጊዜውን በሰዓትና በቀን፣ የቆየውን በሳምንት እያሳሳ ያስቀምጣል። የስሪቱ ብዛት 256 ተብሎ ይመጣል፤ በሳምንት አንዴ ለሚሠራ ሰው 60 ከዓመት በላይ ይሸፍናል።

ሲጨርሱ «አሁን ባካፕ ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ይበሉት።

የመጀመሪያው ዙር

ረጅሙ ይሄ ነው። በሂሳብ ብቻ ከሄድን 1 ቴራባይት በዩኤስቢ 3፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት፣ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ያልቃል። በተግባር ግን ብዙ ሺህ ትናንሽ ፎቶ ያለበት ፎልደር ከጥቂት ትላልቅ ቪዲዮዎች ይልቅ እጅግ ይዘገያል፤ ሰርቨሩም እያንዳንዱን ፋይል እየቆራረጠ ይመዘግባል። ስለዚህ ለ1 ቴራባይት ሙሉ ሌሊት ይመድቡ። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ35 ሜጋባይት አልፎ የማያውቅ ከሆነ ዲስኩ አሮጌው ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ወይም ገመዱ የዩኤስቢ 2 ሆኖ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ከሰዓታት በኋላ እየተጎተተ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ብልሽት አይደለም። የኪስ ዲስኮች አብዛኞቹ መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አነባብረው ስለሚጽፉ ያለ ዕረፍት ሲጻፍባቸው ይዘገያሉ። ይታገሱት፤ አይንቀሉት።

አንድ ፎልደር ብቻ ይምረጡ ያልነው ለዚህ ነው። 2 ቴራባይት በአንድ ዙር ጀምሮ በ14ኛው ሰዓት መብራት ቢጠፋ የመጀመሪያው ስሪት ሳይጠናቀቅ ይቀራል። አንድ ፎልደር ሲያልቅ የሥራውን ማስተካከያ ከፍተው ቀጣዩን ይጨምሩና እንደገና ያስነሡት። ያለቀው ፎልደር ዳግመኛ አይጻፍም። በሦስት በአራት ሌሊት ሁሉም ይገባል፤ በመሃል ቢቋረጥም የሚጠፋው የአንድ ሌሊት ሥራ ብቻ ነው።

መብራት

በዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው። ሰርቨሩና ባለ አዳፕተሩ ውጫዊ ዲስክ ሁለቱም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ይሰኩ። ሰርቨሩን ዩፒኤስ ላይ አድርጎ ዲስኩን ግድግዳው ላይ የተወ ሰው መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ በማይኖር ዲስክ ላይ ለመጻፍ ሲታገል ያገኘዋል። ብዙ ዩፒኤስ ጀርባ ላይ ሁለት ዓይነት ሶኬት አለ፤ አንዱ ባትሪ ያለው፣ ሌላው ከኮረንቲ መዋዠቅ ብቻ የሚከላከል። ጽሑፉን አንብበው ባትሪ ያለው ላይ ይሰኩ።

ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ገመዱ ከሰርቨሩ ጋር ያገናኙት። ከዚያ «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ሃርድዌር ኤንድ ፓወር»፣ ቀጥሎ «ዩፒኤስ» ገብተው ድጋፉን ያብሩ። ሰርቨሩ ራሱን ወደ ደህና ሁኔታ የሚያስገባበትን ጊዜ 3 ወይም 5 ደቂቃ ያድርጉት። «ባትሪው እስኪያልቅ ይጠብቅ» የሚለውን አይምረጡ፤ የሁለት ዓመት ባትሪ አለኝ የሚለውን ያህል አይቆይም። ከዚህ በኋላ የግድግዳውን መሰኪያ ነቅለው ሰርቨሩ በእርግጥ ፋይል መጻፉን አቁሞ ራሱን እንደሚያስቀምጥ ይፈትሹ። የሚፈትሹት ባካፕ በማይሠራበት ሰዓት ይሁን።

መንቀልና ሁለተኛው ዲስክ

ዲስኩ ከሰርቨሩ ጋር ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ከሆነ ሰርቨሩን የሚያገኘው ሁሉ እሱንም ያገኘዋል። ሥራው ሲያልቅ ዲስኩ በራሱ ይወጣል፤ ካልወጣ በ«ኤክስተርናል ዲቫይስስ» ውስጥ «ኢጀክት» ብለው መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ጠብቀው ይንቀሉት። ይህ አሠራር አውቶማቲክ ፕሮግራምን ትርጉም ያሳጣዋል፤ ዲስኩ ካልተሰካ ሥራው በተያዘለት ሰዓት «መድረሻው አልተገኘም» ብሎ ይወድቃል። ስለዚህ የሰዓት ፕሮግራሙን ትተው ስልክዎ ላይ ሳምንታዊ ማስታወሻ ያድርጉ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ ማታ ሰክተው ያስነሡት፣ እሁድ ጠዋት ይንቀሉት። የሰው እጅ የሚጠይቅ መሆኑ ድካም ነው፤ ዲስኩን ከቫይረስና ከኮረንቲ የሚያድነውም ይኸው ነው።

አቅም ከፈቀደ ሁለተኛ ዲስክ ይግዙ። ለሁለተኛው የራሱን ሥራ በሌላ የፎልደር ስም ይፍጠሩለት፤ በአንድ ሥራ ሁለት ዲስክ እያፈራረቁ መሰካት ግራ ያጋባዋል። እዚህ ላይ የተለየ ምክር አለን፦ ሁለተኛውን ዲስክ ኤክስ ፋት አድርገው ባለአንድ ስሪት ባካፕ ይሥሩበት፤ የሚገባበትም ፎቶና ሰነድ ብቻ ይሁን። በዚህ ዓይነቱ ባካፕ ፋይሎቹ ያለ ምንም ፕሮግራም በየትኛውም ላፕቶፕ ላይ እንደ ተራ ፎልደር ይከፈታሉ። አንደኛው ዲስክ ታሪኩን ይይዛል፤ ሁለተኛው በማንም እጅ ይከፈታል። ሁለተኛው ስለማይመሰጠር የሚያምኑት ሰው ቤት ያስቀምጡት። በወር አንዴ ሲያገኟቸው ይዘውት መጥተው አድሰው ይመልሱት። አቧራና እርጥበት እንዳይነካው አዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምረው ክዳኑ ግጥም በሚል ፕላስቲክ ሣጥን ያድርጉት።

መልሶ ማውጣትን መሞከር

በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ዲስኩ በተሰካበት ሌሊት፣ ሁለት ነገር ያድርጉ። የመጀመሪያው የትክክለኛነት ፍተሻ ነው፤ «ሃይፐር ባካፕ» ውስጥ ሥራውን መርጠው «ቼክ ባካፕ ኢንተግሪቲ»ን ያስነሡ። ሥራው ሲያልቅ ዲስኩ በራሱ እንዲወጣ ስላደረግን ፍተሻው በሌላ ሰዓት በፕሮግራም ሊካሄድ አይችልም፤ በእጅ መነሣት አለበት። ዲስኩ ወጥቶ ከሆነ ነቅለው መልሰው ይሰኩት።

ሁለተኛው እውነተኛ ፋይል ማውጣት ነው። «ባካፕ ኤክስፕሎረር»ን ከፍተው ከታች ካለው የጊዜ መስመር የወር በፊት ስሪት ይምረጡና ሦስት ፋይል ያውጡ፦ አንድ የቆየ ፎቶ፣ አንድ ትልቅ ቪዲዮ፣ አንድ በአማርኛ የተሰየመ ሰነድ። «ሪስቶር» የሚለውን አይጫኑ፤ አሁን ባለው ፋይል ላይ ይጽፍበታል። «ዳውንሎድ» ወይም «ኮፒ ቱ» ይበሉ። ከዚያ ከፍተው ይዩት። ፎቶው እስከ ታች ጫፉ ይታያል? ቪዲዮው መሃሉና መጨረሻው ላይ ይሄዳል? የፋይሉ ስም መኖሩ ብቻ ምንም አያረጋግጥም።

በዓመት አንዴ ደግሞ ሰርቨሩን ሳይነኩ ይሞክሩት። ኡቡንቱ ሊኑክስን (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነጻ ሲስተም) ፍላሽ ላይ አድርገው ላፕቶፑን በእሱ ያስነሡ፤ ኢኤክስቲ 4 ዲስኩን ያለ ምንም ችግር ያነበዋል። «ሃይፐር ባካፕ ኤክስፕሎረር» የሚባለው የሲኖሎጂ ነጻ ፕሮግራም ለዊንዶውስም፣ ለማክም፣ ለሊኑክስም አለ፤ የሊኑክሱን አስቀድመው አውርደው እዚያው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡት። ባካፑ የተመሰጠረ ከሆነ የጻፉት የይለፍ ቃል ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠውም ያን ጊዜ ነው።

የሚያጋጥሙ ስህተቶች

«ቦታ አልቋል» ካለ ከመጨነቅ በፊት የስሪቱን ብዛት ይቀንሱ። ቦታው ወዲያው አይለቀቅም፤ ሰርቨሩ የቆዩትን ስሪቶች ሰርዞ እስኪያጸዳ ዲስኩ ተሰክቶ ይቆይ። «መድረሻው የለም» የሚለው ሌላ ፍላሽ ቀድሞ ተሰክቶ የዲስኩ ስም ከ«ዩኤስቢሼር 1» ወደ «ዩኤስቢሼር 2» ስለተቀየረ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም አስወጥተው ዲስኩን ብቻውን ይሰኩ። «ባካፑ ተበላሽቷል» የሚል ከመጣ ግን ዲስኩን ላፕቶፕ ላይ ሰክተው ቀድመን የጠቀስናቸውን ሦስት መስመሮች ይመልከቱ። ሲገዙት ዜሮ የነበረው አሁን ቁጥር ካለው ዲስኩ እየሞተ ነው፤ በዚያው ላይ ዳግመኛ ባካፕ አይሥሩ፣ አዲስ ይግዙ።

ሰርቨሩ የሞተ ቀን

ከሁለቱ የባካፕ ዲስኮች አንዱን ብቻ ካስቀመጡበት ያውጡ። ሌላው ሥራው ተጠናቆ ፋይሉ በዓይን እስኪታይ ካለበት አይነሣ። አስቸኳይ የሚፈለግ ሰነድ ካለ ከኤክስ ፋቱ ዲስክ ወይም በሊኑክሱ ፍላሽ በኩል ያውጡት፤ ቀሪው አዲስ ሰርቨር እስኪገዛ ይቆያል።

አዲሱ ሰርቨር ሲመጣ የጋራ ፎልደሮቹን በእጅ አይፍጠሩ። «ሃይፐር ባካፕ»ን ጭነው፣ የመመለሻ ምልክቱን ተጭነው «ዳታ» ይበሉና ቀድሞ ከነበረ የባካፕ ማከማቻ መልስ የሚለውን ይምረጡ። ዲስኩን፣ የፎልደሩን ስምና የይለፍ ቃሉን ይሰጡታል። የሲስተሙን ቅንብር ጭምር እንዲመልስ ከፈቀዱ የተጠቃሚዎቹ ስምና ፈቃድ አብሮ ይመጣል።

ሁሉም ተመልሶ የፋይሉ ብዛት ከተረጋገጠ በኋላ አዲስ የባካፕ ሥራ ከዜሮ አይጀምሩ። ሥራ ሲፈጥሩ «ሪሊንክ ቱ ኤግዚስቲንግ ታስክ» የሚለውን መርጠው ከድሮው ጋር ያገናኙት። እንዲህ ካላደረጉ ሰርቨሩ ሁሉንም ፋይል እንደ አዲስ ይጽፍና ዲስኩ ይሞላል። ከተገናኘ ግን የሚቀጥለው ቅዳሜ የሚጻፈው የተለወጠው ብቻ ነው፤ የቆዩት ስሪቶችም ባሉበት ይቀጥላሉ።